ዛፍ ስር የቀረው ሰው ጉዳይ

የተያዝኩት እሑድ ጠዋት፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ግማሹ ራሴ ተላጭቶ ግማሹ ሲቀር ሲቪል የለበሱ ሦስት ሰዎች ገቡ። አስተካካዩ ሱዳናዊ ነበር፤ «ሰው እንዲህ ሆኖ አይወሰድም፣ ልጨርስለት» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም። ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ ይዘውኝ ወጡ።

ጊዜው የከሻ ነበር። ከሻ የምንለው አፈሳውን ነው። ከአገር ቤት የመንግሥት እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ከተማው ይጸዳል፤ የሚጸዳው ደግሞ ከእኛ ከስደተኞቹ ነው። የሁለቱ መንግሥታት ፍቅር ሲደምቅ እንለቀማለን፣ ሲቀዘቅዝ እንለቀቃለን። ስለዚህ ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ኪሴን ሲፈትሹ ነው።

ኪሴ ውስጥ አራት ገጽ ወረቀት ነበር። «መንሹር!» አለ ፈታሹ፤ የተቃዋሚ በራሪ ወረቀት ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር መንሹር በትኜ አውቃለሁ፣ ስብሰባም ገብቼ አውቃለሁ። በዚያ ቢከሱኝ አፌን ሞልቼ አልክድም ነበር። ያን ቀን የያዝኩት ግን አጭር ልቦለድ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው እስኪገኝ ድረስ ወረቀቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ እኔም እስር ቤት ገባሁ።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ገዳሪፍ ባለችው የስደተኞች ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ ደብተር እሰበስባለሁ፣ ሰሌዳ እጠርጋለሁ። ኻርቱም ለመምህርነት ሥልጠና አንድ ቦታ ተገኘና ሦስት ረዳቶች ተፎካከርን። ዳይሬክተሯ ቆፍጣና ሴት ናቸው። ለሦስታችንም አንድ ልቦለድ ሰጡንና «የዋናውን ገጸ ባሕርይ ማንነት ከታሪኩ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ ተንትኑ» አሉን። የመጨረሻው ሰዓት ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመረጠው ሰው ስም ከሰዓት በኋላ በሚሄደው አውቶቡስ ኻርቱም ይላካል። ይህን ቦታ ምን ያህል እንደምፈልገው ለመናገር ዛሬም አላፍርም። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነበር።

የገባሁበት ክፍል ሦስተኛው በር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ከራስ በላይ ነው፣ ጥግ ላይ ዚር የሚባለው የሱዳን የውሃ ጋን ቆሟል። ስገባ የተቀበለኝ ሳቅ ነው። ስድስት ሰዎች ራሴን እያዩ ይስቃሉ።

«ምነው ልጄ፣ ግማሽህን ብቻ ነው እንዴ የያዙት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

እኚህ ሽማግሌ የአርማጭሆ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ፋሽጋ ላይ የሰሊጥ እርሻ ይጠብቃሉ። ሁሉም «ዳኛው» ይሏቸዋል። ከጎናቸው ያው እርሻ ላይ የሚሠራ የትራክተር ሾፌር አለ፤ ድምፁ ከትራክተሩ አያንስም። አንድ ጨርቅ ነጋዴ አለ፣ ወሎ ተወልዶ ገዳሪፍ የከበረ፤ «ሐጂ» እንለዋለን። እዚሁ ያደገ ወጣት አለ፣ በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ። የቀሩት ሁለቱ ወንድማማች የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመስማት በቀር ብዙ አይናገሩም።

ሰኞ ጠዋት ጭንቀቴን ነገርኳቸው። ወረቀት ባገኝ እንኳ ልቦለዱ ተወስዷል። ሾፌሩ «አንብበኸዋል አይደል? ንገረና!» አለ። ሦስት ጊዜ አንብቤው ስለነበር ከራሴ አወጣሁት።

ታሪኩ አጭር ነው። ሁለት ጓደኛሞች በበጋ ድንበር ያቋርጣሉ። የያዙት አንድ ጀሪካን ውሃ ለሁለት ነው። አንደኛው ወባ ይነሳበትና መሄድ ያቅተዋል። ጤነኛው ዛፍ ስር ያስቀምጠዋል፣ አንድ ኩባያ ውሃ ይተውለታል፣ ጀሪካኑን ይዞ እርዳታ ሊያመጣ ይሄዳል። ወደ ማታ አንድ እርሻ ይደርሳል። ያጠጡታል፣ ያበሉታል፣ ጥላ ስር ምንጣፍ ይዘረጉለታል። እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ፀሐይ ወጥታለች። ጀሪካኑን ሞልቶ ይሮጣል፤ «ዛፉ ከሩቅ ታየው» ይልና ያበቃል። ጓደኛው ይኑር ይሙት አይናገርም።

«አንተ ምን አልክ?» አሉኝ ዳኛው።

ያሰብኩትን በኩራት ነገርኳቸው። ሰውዬው ከዳተኛ ነው፤ እንቅልፉም እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ወገኑን የረሳ ትውልድ እንቅልፍ ነው። ይቺን ዐረፍተ ነገር ስፈጥር ለራሴ አጨብጭቤ ነበር።

«እንቅልፍማ እንቅልፍ ነው» አለ ሾፌሩ። «ከዳተኛ ነው ባልከው ግን እስማማለሁ። ይሰቀል!»

ዳኛው እጃቸውን አነሱ። «ቆይ ቆይ። ተከሳሹ ተሰምቷል?»

«የልቦለድ ሰው ነው እኮ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«የማንም ሰው ይሁን። ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ሰባት አለ። ስምንተኛ አንጨምርም።»

እንዲህ ሆኖ ችሎት ቆመ። እኔ የተማርኩት ትንታኔ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ጭብጥ እያለ የሚሄድ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ደግሞ በላ ልበልሃ ነው፤ የድሮው ሙግት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው በቃል የሚፋለሙበት። ሾፌሩ ከሳሽ ሆነ። ተከሳሹ ስለሌለ ነገረ ፈጅ ተፈለገ፤ ሐጂ ተነሳ። «መጀመሪያ ዋስ ይጥራ» አሉ ዳኛው። ለዚያ ሰው ማን ዋስ ይሁን? በመጨረሻ ከወንድማማቾቹ ታናሽየው እጁን አወጣ። ከመጣሁ ጀምሮ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያኔ ነው።

ሾፌሩ ፎጣዬን ነጠቀኝና እንደ ኩታ አጣፍቶ ወገቡ ላይ አሰረ። «በላ ልበልሃ! ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ» አለ ሐጂ።

«ሁለት ሰው አንድ ጀሪካን ቢይዝ፣ ለበሽተኛው ኩባያ፣ ለጤነኛው ጀሪካን የተባለው በማን ሕግ ነው?»

«በእግር ሕግ ነዋ! ሂያጁ መንገድ ላይ ከወደቀ ተቀማጩን ማን ይደርስለታል? ሁለቱን ለማዳን አንዱ መድረስ አለበት።»

«ደረሰ፤ ደርሶስ? ተኛ! ይህንንስ እግሩ ነው ያዘዘው? ዋሽቼ እንደሆነ በነገው ፉሌ!»

የድሮ ተሟጋች በማርና በፈረስ ይወራረድ ነበር። እኛ ያለን የጠዋት ፉል ነው። ሐጂም በዳቦው ተወራረደ። ሳቁ ግድግዳውን ዘልቆ ወጥቶ መሆን አለበት፣ የበሩ መስኮት ተከፈተና ዘቡ ብቅ አለ።

ይህ ዘብ ረሃድ ወንዝ ዳር ካለችው መፋዛ የመጣ፣ ቀጭን፣ አርባ ያለፈው ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ደግም ነው ብዬ አላውቅም። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ወጣቱ ታሪኩን ከነሙግቱ በዐረብኛ ነገረው። ዘቡ ክንዱን በሩ ላይ አስደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማና «ከዚያስ? ዛፉ ጋ ሲደርስስ?» አለ።

«አይናገርም» አለው ወጣቱ።

«እንዴት አይናገርም? ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው?» ብሎ ተናዶ ሄደ።

ማክሰኞ ግን ሻይ ይዞ ሲመጣ የጠየቀው ሌላ አልነበረም፤ «የዛፉ ሰው ጉዳይ የት ደረሰ?» ነበር። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። ወጣቱን አስተርጓሚ አድርጌ የሐሙሱን ነገር ነገርኩት። ትምህርት ቤታችን ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነች። አራት ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣልኝ፤ «ረቡዕ ከሰዓት ስወጣ አደርስልሃለሁ፣ ያ ኡስታዝ» አለኝ። ኡስታዝ፣ መምህር፣ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ምሳዬን ግማሹን ለሾፌሩ ሰጠሁት፤ በውሃው ሙግት ተረትቶ ፉሉን ለሐጂ ስለሰጠ ርቦታል።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጽሑፉ ተገባደደ። ችሎቱ ሰውዬውን በውሃው ነገር ነፃ ብሎታል፣ በእንቅልፉ ግን ጥፋተኛ ነው ብሎ ሊፈርድ ደርሷል። የትውልድ እንቅልፍ የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ጥርሴን ነክሼ አወጣኋት፤ ማስረጃ አልነበራትም። የቀረኝ መደምደሚያው ነው።

ዘቡ ሊወጣ ሲል መጣ። እጁን ግን ለወረቀቱ አልዘረጋም።

«እኔም ፍርድ አለኝ» አለ። «ሰውዬው ነፃ ነው። ጻፈው። ችሎቱ እንዲህ ፈረደ ብለህ ጻፍ።»

ለእኔ ቀላል ነገር ነበር። አንድ መስመር ነው። እስክሪብቶውን አነሳሁ።

«ተው» አሉ ዳኛው።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ተቀምጠው ነበር፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ወጣቱን «ልጄ፣ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ» አሉት። «ሻይህን ጠጥተናል፣ ወረቀትህን ተቀብለናል፣ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን በላያችን ቁልፍ የያዘ ሰው በዚህ ችሎት አይፈርድም። ዳኛና አሳሪ አንድ ከሆኑ እኛም እዚህ የገባነው በትክክል ነው ማለት ነው።»

ወጣቱ አመነታ። «አባባ፣ ዘዓላን ይሆናል እኮ፣ ይቀየማል» አላቸው።

«ይቀየም። ንገረው።»

ነገረው። የዘቡ ፊት ጠቆረ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሽማግሌውን አየ። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

በዚያች ሰዓት ሽማግሌውን ጠላኋቸው። ሰው በእንጀራው ሲመጡበት እንደሚጠላ ጠላኋቸው። «አንድ መስመር ነበረች እኮ!» አልኩ። «ለልቦለድ ሰው ብላችሁ የእኔን ዕድል ገደላችሁ!»

«ዕድልህ በአንድ መስመር የምትሞት ከሆነ ዱሮም በሽተኛ ነበረች» አለ ሾፌሩ ሊያስቀኝ ፈልጎ። አልሳቅኩም።

ዳኛው ጠጋ ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ወረቀቱ የአንተ ነው፤ ልትጽፈው ትችላለህ። ስትጽፍ ግን ችሎቱ ፈረደ አትበል። ዘቡ ፈረደ በል። ውሸት እንዳይሆንብህ ብዬ ነው» አሉኝ።

ይኼ ነው ያበሳጨኝ፣ እውነታቸውን መሆኑ። ማስረጃ እየጠቀስክ ተንትን የተባልኩ ሰው ነኝ። ዘቡ ነፃ ነው አለ እንጂ ለምን ነፃ እንደሆነ አልተናገረም፤ በቁልፉ ብቻ ነው የተናገረው። መደምደሚያውን ሳልጽፍ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰዓት ባይኖረንም በመስኮቱ የምትገባው ብርሃን ዚሩ አፍ ላይ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ነው። ብርሃኗ ደረሰች፣ አለፈችም። ሐጂ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። አለቀስኩ፤ ወደ ግድግዳ ዞሬ ነው ያለቀስኩት፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኑልኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። መስኮቱ አይደለም፣ በሩ። የቆመው የእኛው ዘብ ነው፤ ግን ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ጥምጥም ጠምጥሟል፣ እጁ ባዶ ነው። የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከኋላው ተረኛው ዘብ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ይስቃል። የእኛው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ገልብጦ ለሽማግሌው አሳያቸው።

«ዛሬ ቁልፍ የለኝም» አለ። «አሁንስ እናገራለሁ?»

ወጣቱ ተረጎመ። ዳኛው ተነስተው ቆሙ። ለማንም ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «በዳኝነት ሳይሆን በምስክርነት ይናገር። እንኳን ደህና መጣ» አሉ።

ዘቡ እንዲህ አለ፣ ወጣቱ እየቆረጠ እየቀጠለ እንደነገረን።

«እኔ የረሃድ ወንዝ ልጅ ነኝ። በበጋ የጠፋ ከብት ፍለጋ ሁለት ቀን ሄጄ አውቃለሁ። በጣም የተጠማ ሰው ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ጥላ ስር ከተቀመጠ አይተኛም፤ ይወድቃል። ያ ምርጫ አይደለም። እኛ አገር ይህን ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ አፉን እናርሳለን፣ እህል ሳይቀምስ በፊት አንድ ነገር እንጠይቀዋለን። ‹ብቻህን ነህ?› እንለዋለን። በዚያ ምድር ብቻውን የሚሄድ ሰው የለማ! ጀሪካኑንም አይተዋል፤ የሁለት ሰው ጀሪካን ነው። እነዚያ የእርሻ ሰዎች ጠየቁት ወይ? ኡስታዝ፣ ታሪኩ ላይ ጠይቀውታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዐይኔን ጨፍኜ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቼ በልቤ ወረድኩት። ያጠጡታል። ያበሉታል። ምንጣፍ ይዘረጉለታል። ደግ ሰዎች ናቸው። አንድም ቃል ግን አይናገሩትም፤ እሱም አይናገራቸውም። ሦስት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም ነበር።

«አልጠየቁትም» አልኩ።

«እንግዲህ» አለ ዘቡ፣ «ተከሳሾቹ ሌሎች ናቸው።»

ሾፌሩ ፎጣውን ከወገቡ ፈታ። «ተረታሁ» አለ። ታናሽየው ወንድም ከዋስትናው ስለወረደ ነው መሰለኝ በረጅሙ ተነፈሰ። ዳኛው ግን «ይህን እኛ አላየነውም። እኛ ሁላችን የሄድንበት መንገድ ስለሆነ በሂያጁ ላይ ብቻ ነው ያፈጠጥነው። ለማየት የተቀባዩ አገር ሰው መምጣት ነበረበት» አሉ።

መደምደሚያውን እዚያው ጻፍኩ፣ ዘቡ ተቀምጦ እየጠበቀኝ። ሰውዬው ያጠፋው ባለመናገሩ ነው፤ ከእሱ የባሰው ጥፋት ግን ደግነታቸው ጥያቄ የጎደለው የእነዚያ ሰዎች ነው፤ የታሪኩ ማስረጃ ያለው በተነገረው ሳይሆን ባልተጠየቀው ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከታች ሦስተኛው ክፍል መወያየቱን፣ አንድ ምስክር መሰማቱን ጨመርኩ። ዘቡ ወረቀቱን አጥፎ ጀለቢያው ኪስ ከተተው፣ እጃችንን አንድ በአንድ ጨብጦ ወጣ። ማታውኑ አደረሰልኝ። በጣም ዘግይቶ ነበር፤ እኔም አውቄው ነው የላክሁት።

እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለቀቅን። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ልቦለድ አንብቦ የተረጎመላቸው ሰው ተገኝቶ ኖሮ መርማሪው ሲመልስልኝ «መጨረሻው የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ጽሑፌን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ስሙ ሐሙስ ተልኳል፤ ከሁለቱ ረዳቶች አንዱ ኻርቱም ገብቷል።

«በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ የምልከው አንተን ነበር» አሉኝ። ሴትዮዋ ሰው ለማጽናናት የማይዋሹ መሆናቸውን ስለማውቅ ቃሉ ልቤን ወጋኝ።

«በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ እትዬ፣ ምስክሩ አይኖርበትም ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። የመጨረሻውን ገጽ አንስተው እንደገና አነበቡ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ እሽግ ጠመኔ ሰጡኝ። «ነገ ሁለት ሰዓት አራተኛ ክፍል ግባ። ራስህንም ተላጭተህ ጨርስ» አሉኝ።

ኻርቱም ሳልማር ቀረሁ። አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ የማይቆጨኝ ቀን ይበዛል። አሁን ገላባት አጠገብ ነው የማስተምረው፣ እርሻና ድንበር በሚገናኙበት። ሚስት አለችኝ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፣ ተማሪዎቼ በዐረብኛ ተሳድበው በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቁኛል። ኑሮዬን እወደዋለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዚር አስቀምጫለሁ፤ ከማዶ በእግር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ኩባያውን የማቀብለው እኔ ነኝ፣ እኔ ከሌለሁ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ለሁሉም የሚጠየቀውን አስተምሬአቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ብቻዬን ነኝ» ነው። ባለፈው በጋ ግን አንዲት ሴት ኩባያውን ከአፏ ሳትነቅል በእጇ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ክፍሉን በትኜ ከጎረቤት እርሻ ትራክተር አስነሳሁ። ከነጂው ጋር ሁለት ሆነን ሄድን፤ ሳይመሽ ሦስት ሆነን ተመለስን።